ግራ ቀኙ የዞረው ገበታ

ሸቱ አስተማሪ አልነበረችም። ይህን እሷ ሳትጠየቅ ታስቀድማለች፤ ስለዚህ እኔም አስቀድመዋለሁ። ነገሩ በሆነበት በ2010 ዓ.ም. የአርባ አንድ ዓመት ሴት ነበረች፤ በደማም ከተማ፣ አል ፈይሰሊያ በሚባለው ሰፈር፣ በአንድ የሳዑዲ ቤተሰብ ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። ወደዚያ ከሄደች አምስት ዓመት ሆኗታል። ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ በየጊዜው ይታደሳል፤ ከአሠሪዋ ከካፊሏም ጋር ሙሽኪላም ሆነ ጠብ የላትም። በቤቱ ውስጥ በሁለት ነገር ትታወቃለች፤ የሸሚዝ አንገት ስትተኩስ ስፌቱን ባለማዛባቷና ያልገባትን ነገር ሳትጠይቅ ባለማለፏ። የዚህ ታሪክ ጉዳይ ሁለተኛው ነው።

የተወለደችው በመርሐ ቤቴ ነው። አባቷ ገበሬ ነበሩ እንጂ ካህን አልነበሩም፤ ነገር ግን የቤታቸው አጥር ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጋር የተያያዘ ስለ ነበር፣ ከየኔታ ፊት ከሚቀመጡት አሥራ አራት ልጆች መካከል ብቸኛዋ ሴት ልጅ እሷ ሆነች። ፊደል ቆጠረች፤ አቡጊዳ ዘለቀች፤ ንባብ ጀመረች። ከዚያ በላይ አልሄደችም። በአሥራ አምስት ዓመቷ ተዳረች፤ ትዳሩ ፈረሰ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሃያ ዓመት የሰው ቤት ሥራ ነው፤ ከፊሉ አዲስ አበባ፣ የቀረው ደማም። ሦስት ዓመት ያህል የተማረችው ትምህርት ግን ከእጇ አልወጣም። ደብዳቤ ታነባለች፤ ደብዳቤ ትጽፋለች፤ ለጎረቤት ሠራተኞችም ትጽፍላቸዋለች።

በሳምንት አንድ ቀን፣ ዓርብ፣ ከጁሙዓ ጸሎት በኋላ ፀሐይ ስትጠልቅ እስከሚሰገደው መግሪብ ድረስ ፈቃድ ነበራት። በዚያ ሰዓት የምትሄደው ወደ ኾበር፣ ሱቅባ ሰፈር፣ ወደ ከፈለኝና ሙኒት ቤት ነው። ከፈለኝ በደማም ወደብ የክሬን መካኒክ ነበር፤ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ መኖር የተፈቀደለት በዚህ ሙያው ነው። ሁለት ሴቶች ልጆች አሉት፤ እየሩስ ስምንት ዓመቷ፣ ኦሪት ስድስት። ሁለቱም የተወለዱት ኾበር ነው። አማርኛ ይናገራሉ፤ ማንበብ የሚችሉት ግን ዓረብኛ ብቻ ነው፤ ያውም እየሩስ ብቻ። ሙኒት ይህ ነገር እንቅልፍ ስለ ነሳት፣ ሸቱ ለልጆቿና ለሦስት የጎረቤት ልጆች ፊደል እንድታስቆጥር ለመነቻት። ልጆቹም በዚያ አገር የሴት መምህር እንደምትጠራው «አብላ» እያሉ ይጠሯት ጀመር።

ዘዴዋ የየኔታ ዘዴ ነበር፤ ሌላ አታውቅም። ገበታው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ እሷ በእንጨት ትጠቁማለች፤ ልጆቹ በአንድ ድምፅ «ሀ ሁ ሂ ሃ» ይላሉ። እንጨቱ ሥጋ ለመጥበሻ የሚገዛው ቀጭን ስንጥር ነው፤ ስንደዶ በኾበር አይገኝም። ዜማው ግን ምንም አልጎደለበትም። ልጆቹ በአንድ ዓመት ውስጥ ከሀ እስከ ፐ ሠላሳ ሦስቱንም መደብ ሳይተነፍሱ ይወርዱት ጀመር። ጎረቤት ሲመጣ ሙኒት «እስቲ በሉ» ትላለች፤ ይላሉ፤ እንግዳው ያጨበጭባል።

ገበታው ሙኒት ከአዲስ አበባ በሻንጣ ያመጣችው ትልቅ ወረቀት ነበር። ጫፉ መቀደድ ስለ ጀመረ፣ በ2010 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ሸቱ ቅጂው እንዲወጣ አደረገች። በሱቅባ ዋናው መንገድ ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ሱዳናዊው በሽር፣ ወረቀቱ ከማሽኑ ስለሚሰፋ በሁለት ቅጠል አነሣው። በአንዱ ቅጠል ከግዕዝ እስከ ራብዕ፣ ማለትም ከሀ እስከ ሃ ያሉት አራት ዓምዶች ወጡ፤ በሌላው ቀሪዎቹ ሦስት። በሽር ጠንቃቃ ሰው ነው። ሁለቱን ቅጠሎች መገጣጠሚያው እስከማይታይ ድረስ አጋጥሞ በፕላስቲክ ለበጣቸው። ዓረብኛ ከቀኝ እንደሚጀምር ሁሉ፣ እሱም የመጀመሪያውን ቅጠል በቀኝ፣ ሁለተኛውን በግራ አደረገው። ሸቱ ገበታውን ተጠቅልሎ ተቀበለች፤ በሩጫ ሰቀለችው፤ ሁለት ዓርብ አስተማረችበት። ከዚያ ረመዳን ገባ። በረመዳን ለእሷ ዓርብ የሚባል ነገር ስለሌለ ትምህርቱ ተቋረጠ።

በዚያ ወር ውስጥ የከፈለኝ ቤት ጉዳይ ተለወጠ። ቤተሰቡ በኹሩጅ፣ ማለትም ላይመለስ ወጥቶ፣ ወደ አዲስ አበባ እንዲገባ ተወሰነ። የሙኒት እህት ልጆቹ የሚማሩበት ትምህርት ቤት አፈላለገች። የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ያሉት ግልጽ ነው፤ እየሩስ በዓረብኛ ሁለተኛ ክፍል ብትጨርስም፣ አማርኛ ማንበብ አለመቻሏ በምዝገባው ቀን ከታየ የምትገባው አንደኛ ክፍል ነው። ኦሪትም የምትገባው አንደኛ ክፍል ነው። ትምህርት ቤቱ ያለው አንድ አንደኛ ክፍል ብቻ ነው።

ሸቱ ከዒድ በኋላ በመጀመሪያው ዓርብ ሱቅባ ስትደርስ ይህ ወሬ ቀድሟት ነበር።

«አብላ፣ ሰማሽ?» አለች ኦሪት በሩ ላይ። «እየሩስ ከእኔ ጋር አንድ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። እርሳስ እንዳትረሳ እኔ አስታውሳታለሁ።»

«ዝም በይ አንቺ ትንሽ!» አለች እየሩስ ከውስጥ።

«ትንሽማ አንቺም ትሆኛለሽ።»

«እማዬ! ንገሪያት!»

ሙኒት ልብስ እያጣጠፈች ነበር። «ማንም ከማንም ጋር አይቀመጥም» አለች። «እየሩስ ፊደሉን ከነነፍሱ ታውቀዋለች። አይደለም እንዴ ሸቱ?»

«ታውቀዋለች» አለች ሸቱ። ያን ጊዜ እውነት መስሏት ነው የተናገረችው።

የዚያን ቀን ወገቧን ያማት ነበር። እንጨቱን ለኦሪት ሰጥታ፣ እሷ በልጆቹ መካከል ምንጣፍ ላይ ተቀመጠች። ኦሪት በኩራት ወንበር ላይ ቆመች፤ እንጨቱን ከላይኛው የግራ ጥግ ላይ አሳረፈች። ልጆቹ «ሀ!» አሉ። ሸቱ ቀና ብላ አየች። እንጨቱ ሄ ላይ ነው። «ሁ!» እንጨቱ ህ ላይ ነው። «ሂ!» እንጨቱ ሆ ላይ። «ሃ!» አሁን ሀ ላይ ደረሰ።

መጀመሪያ ዓይኗን ጠረጠረች። ቀጥሎ ኦሪትን። በሦስተኛው መደብ ላይ ገበታውን ጠረጠረች፤ እውነቱም እሱ ነው። ልታስቆማቸው አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። እስከ የት ይሄዳሉ? ይህን ማወቅ ፈለገች። ልጆቹ ሄዱ። መ ሙ ሚ፣ ሠ ሡ ሢ፣ ረ ሩ ሪ እያሉ፣ እንጨቱ ከሚያሳየው ፊደል አንዱንም ሳይመስሉ፣ አንድም ልጅ ቅንድቡን ሳይቋጥር፣ ሁለት መቶ ሠላሳ አንዱንም ፊደል ጨርሰው እስከ ፖ ወረዱ። ሙኒትም ከልብሱ ቀና ሳትል «ጎበዞች!» አለች።

«እየሩስ» አለች ሸቱ። «ነይና ሀን አሳዪኝ።»

እየሩስ ተነሥታ ላይኛው የግራ ጥግ ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«ይሄ ሀ ነው?»

«አዎ አብላ።»

«በምን አወቅሽ?»

ልጅቷ ጥያቄው ቀልድ መሰላት። «መጀመሪያ ስለሆነ ነዋ!»

«እኔ አልተሳሳትኩም» አለች ኦሪት ከወንበሩ ላይ። «ዱላዬ ቀጥ ብሎ ነው የሄደው።»

«አንቺ አልተሳሳትሽም» አለች ሸቱ። «ውረጅ።»

አንድ ነገር ሳይሸፋፈን መነገር አለበት። ገበታው በዚያ ሁኔታ ሁለት ዓርብ ተሰቅሎ ሲውል፣ እንጨቱን የያዘችው ሸቱ ራሷ ነበረች። ፊቷ ወደ ልጆቹ፣ እጇ ወደ ገበታው፣ አፏ ወደ ዜማው ነበር። ይህን ስትነግረኝ ሰበብ አላቀረበችም። «እኔም አላየሁትም» ነው ያለችው።

ከፈለኝ እንደ ልማዱ በመኪናው ወደ ደማም ሲመልሳት በመንገድ ላይ ነገሩን ነገረችው። ሳቀ።

«በሽር ጉድ ሠራን በይኛ! እመልሰውና በነጻ ያስተካክላል።»

«ገበታው አይደለም የተበላሸው፣ ከፈለኝ። ልጅህ አንድም ፊደል አታውቅም።»

ሳቁን አቆመ። «እታለም፣ ትናንት ፊቴ ቆማ ሁሉንም ወረደችው እኮ።»

«ወረደችው። ማንበብና መውረድ ይለያያል። ስንት ዓርብ ቀረን?»

በልቡ ቆጠረ። «የዛሬውን ጨምሮ ስምንት። ነሐሴ አራት የመጨረሻው ነው።»

«የዛሬው አለቀ። ሰባት ነው» አለች።

ገበታውን ይዛው ሄደች። ቅዳሜ ጠዋት፣ የቁርሱን ዕቃ አጥባ ስትጨርስ፣ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ በመቀስ ቆራረጠችው። እያንዳንዱ ፊደል ለብቻው፣ የጥፍር ስፋት ያህል፣ ፕላስቲክ የለበሰ ቁራጭ ሆነ። እያገላበጠች ስታያቸው ማዳም ዘሐራ ገባች። ማዳም ዘሐራ የቤቱ እመቤት ናት፤ በሴቶች አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ታስተምራለች፤ ጊዜው የዕረፍት ነበር። የሚነጋገሩት በዓረብኛ ነው።

«ሸቱ፣ ጠረጴዛዬን ምን ወረሰው?»

«የአገሬ ፊደል ነው፣ ማዳም። ኸላስ፣ በቃ አነሣዋለሁ።»

«ቆይ፣ አታንሺ።» ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ አንድ ቁራጭ አነሣች። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ሙ።»

«ይሄ?»

«ላ።»

«ይሄስ?»

የሸቱ ከንፈር በሹክሹክታ ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ «ጤ» አለች።

ማዳም ዘሐራ ሳቀች። «ብትሳሳቺም አላውቅብሽም፤ ቋንቋው የኔ አይደለም። ግን ጆሮ አለኝ። ጠ ጡ ጢ ጣ ብለሽ ደረጃ ወጥተሽ ነው የደረስሽበት።»

«አላልኩም፣ ማዳም።»

«ብለሻል። በየዓመቱ በመጀመሪያው ወር ሠላሳ ልጆች እንዲሁ ሲያደርጉብኝ እሰማለሁ። መስከረም ላይ ከእነሱ ጋር አስቀምጥሻለሁ፤ ቦርሳ ግዢ!» ተነሥታ በሩ ላይ ስትደርስ ዞረች። «ስንቶቹን ነው እንዲህ በደረጃ የምትደርሺባቸው?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያው እወቂ።»

ሸቱ ያን ሳምንት በሙሉ በራሷ ላይ ምርመራ አደረገች። ቁራጮቹን በድስት ክዳን ላይ ገልብጣ፣ ሩዙ እስኪበስል አንድ በአንድ እያነሣች አየቻቸው። ዜማውን ሳትጠራ፣ መደቡን ሳትወጣ፣ ወዲያው የምታውቀውን በአንድ ወገን፣ የምታመነታበትን በሌላ ወገን አኖረች። በሠላሳ ስምንት ፊደል ላይ አመነታች። ደብዳቤ ስታነብ እነዚህን ፊደሎች ከዐረፍተ ነገሩ እየገመተች ታልፋቸው እንደ ነበር ያን ጊዜ ገባት።

ከዚያ አንድ ጥያቄ መጣባት፤ የሷ ነገር እንደዚህ ነው። አቡጊዳ ለምን ተሠራ? የፊደል ቆጠራው ካለቀ በኋላ የኔታ ያስተማሯት ሌላ ገበታ ነበር፤ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ብሎ ይጀምራል። አንዱ ፊደል ከአንዱ መደብ፣ ሌላው ከሌላው መደብ፤ አንዱ ግዕዝ፣ ሌላው ካዕብ። ሁለተኛው መደብ «በ ጉ ዲ ሃ ዌ ዝ ሖ» ነው። በልጅነቷ ይህን አንድ ተጨማሪ ዜማ አድርጋ ነው የያዘችው፤ ለምን እንደ ተደበላለቀ ማንም አልነገራትም፣ እሷም ለአንድ ጊዜ ሳትጠይቅ አልፋለች። አሁን ድስት ክዳን ላይ የተደበላለቀውን ፊደል እያየች፣ ደግሞ የኔታ ያደርጉት የነበረ ሌላ ነገር ትዝ አላት። ልጆቹ በዜማ እየወረዱ ሳለ ድንገት ስንደዷቸውን ከመደቡ አንሥተው ሌላ ቦታ ያሳርፉ ነበር። ልጆቹ ዓይናቸው የደከመ፣ መደቡ የጠፋባቸው መስሏቸው በነጠላቸው ውስጥ ይስቁባቸው ነበር።

«ከሚስቁት አንዷ እኔ ነበርኩ» አለችኝ።

ስለ አቡጊዳ አሠራር የሚነገረው ብዙ ነው፤ እዚህ ላይ አልገባበትም። ሸቱ የደረሰችበት ግን ይህ ነው፦ ያ ገበታ የተደበላለቀው፣ ልጁ ፊደሉን በቦታው ሳይሆን በመልኩ እንዲያውቀው ነው። እሷ ግን ለሱቅባ ልጆች ስታስተምር «ምን ያደርግላቸዋል» ብላ ትታው ነበር። እንዳለ ብታስተምረውም ደግሞ እንደሷው በዜማ ይሸመድዱታል። ስለዚህ የማያልቅ አቡጊዳ ያስፈልጋል፤ በየጊዜው እንደ አዲስ የሚደበላለቅ።

በቀጣዩ ዓርብ ቁራጮቹን በብስኩት ቆርቆሮ ይዛ ሱቅባ ደረሰች። ሙኒት ክዳኑን ስታነሣ ፊቷ ተለወጠ።

«ፊደል ቆረጥሽ?»

«ቅጂው ነው።»

«ቅጂም ይሁን! ፊደል በመቀስ? እናቴ የተጻፈበት ወረቀት መሬት ላይ ወድቆ ካየች ስማ ነው የምታነሣው። አንቺ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ነሽ፤ ምን ነካሽ?»

«ሙኒት፣ ልጅሽ አንደኛ ክፍል እንድትገባ ትፈልጊያለሽ?»

ሙኒት መሬት ላይ እንዳይወድቁ ነጭ አንሶላ አምጥታ አነጠፈች።

የመጀመሪያው ቀን ውጤት የሚያሳፍር ነበር። እየሩስ ከሁለት መቶ ሠላሳ አንዱ ፊደል ወዲያው ያወቀችው ሃምሳ ስምንቱን ብቻ ነው። ሸቱ ቁጥሩን በማስታወሻ ደብተር ጻፈችው። ዜማ መጥራት ተከለከለ፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ሸቱ ቁራጩን መልሳ ወደ ቆርቆሮው ትከታለች። እየሩስ በመጨረሻ ቆርቆሮውን ገፍታ አለቀሰች።

«በፊት ሁሉንም አውቅ ነበር! አንቺ ነሽ ያስረሳሽኝ!»

«አላስረሳሁሽም።»

«አስረስተሽኛል! ለምን እንደ ሌሎቹ ልጆች ኒስፍ አልቀመር አንሄድም? ዛሬ ሁሉም ባሕር ነው ያለው!»

ከፈለኝ ከጓዳ ወጥቶ ይህን ሰማ። እሱም ልቡ ተጠራጠረ። ደማም ሲያወርዳት፣ «እታለም፣ ያ የበፊቱ ቢያንስ ለእንግዳ ይሆን ነበር» አለ።

በሦስተኛው ዓርብ ሸቱ ሌላ ነገር አስተዋለች። እየሩስ ፊደሉን ለይታ ታውቃለች፤ ቃል ውስጥ ሲገባ ግን እግሩንና ቀለበቱን አታይም። «ቡና» ተብሎ ሲሠራላት «በነ» ትላለች፤ ከዚያ ቀና ብላ የሸቱን ፊት እያየች «ቡና? ቤና?» እያለች ትገምታለች። ሸቱ መቆጣት ትችል ነበር፤ ጠየቀች እንጂ አልተቆጣችም።

«ይሄን እግር ለምን ትዘይዋለሽ?»

«እሱማ ለትንንሽ ልጆች ነው» አለች እየሩስ በትዕግሥት፣ ዕድሜው ለገፋ ሰው እንደሚያስረዱ። «በዓረብኛም ትንሽ ስንሆን ከላይና ከታች ምልክት ያደርጉልናል። የትልልቆች መጽሐፍ ላይ ግን የለም። ትልቅ ሰው ያለ እሱ ያነባል።»

ነገሩ ለሸቱ ገባት። ልጅቷ ከስንፍና ሳይሆን ከሌላ ትምህርት ያገኘችውን ሕግ በታማኝነት እየጠበቀች ነበር።

«የአማርኛ ፊደል እግሩን አያወልቅም» አለች ሸቱ። «ሽማግሌ ቢያነበውም፣ ንጉሥ ቢያነበውም፣ ከነእግሩ ነው።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ መቼም።»

«እኔን ቀድማችሁ ብትነግሩኝ ምን ነበር?» አለች እየሩስ፤ ቁራጩንም አንሥታ በደንብ ታየው ጀመር።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በቀስታ፣ ግን ሳይመለስ ሄደ። በአራተኛው ዓርብ አንድ መቶ ሃያ፤ በአምስተኛው አንድ መቶ ዘጠና ሁለት። ኦሪት ሳትጋበዝ ከአንሶላው ጥግ ተቀምጣ ታጮልቅ ነበር፤ እህቷ ስታመነታ ቀድማ እየጮኸች ትመልሳለች፤ ከሦስት አንዱን ትስታለች፤ አታፍርም።

በሰባተኛው ዓርብ፣ ሐምሌ ሃያ ሰባት፣ ቤቱ ውስጥ ማስተማሪያ ቦታ ጠፋ። በመርከብ የሚላከው ዕቃ በአሥራ አንድ ካርቶን ታሽጎ ሳሎኑን ሞልቶታል። ሙኒት በየካርቶኑ ላይ በጥቁር እስክሪብቶ በአማርኛ የውስጡን ጽፋበታለች። ሸቱ ቆርቆሮዋን አስቀመጠች።

«ዛሬ እነዚህን ነው የምናነበው» አለች።

እየሩስ ከካርቶን ካርቶን እየሄደች፣ ጣቷን ከፊደሉ በታች እያሳረፈች ጀመረች። «መ… ጋ… ረ… ጃ። መጋረጃ።» ቀጠለች። «የ… ል… ጆ… ች… ል… ብ… ስ።» ሙኒት ከጓዳ ብቅ ብላ ቆመች። ከፈለኝ የካርቶን ማሸጊያውን ፕላስተር እንደያዘ ቀረ። ልጅቷ አምስተኛው ካርቶን ላይ ስትደርስ ኦሪት ቀደመቻት።

«ያ ጫማ ነው! ሲከቱ አይቻለሁ፤ የአባዬ ጫማና የኔ ሰንደል!»

እየሩስም ሲታሸግ አብራ ነበረች፤ ጫማ መሆኑን ታውቃለች። ሸቱ ይህን በፊቷ ላይ አየችው። ልጅቷ ወደ ኦሪት፣ ከዚያ ወደ ጽሑፉ ተመለከተች። ጣቷን ከመጀመሪያው ፊደል በታች አደረገች።

«ሰ… ሐ… ን» አለች። «ሰሐን ነው የሚለው።»

«ጫማ ነው!»

«ጫማ ይሁን አይሁን እኔ አላውቅም። የሚለው ሰሐን ነው።»

«አባዬ ክፈተው! ክፈተውና ትፈር!»

ከፈለኝ ፕላስተሩን ላጠው። ከላይ የኦሪት ሰንደል፣ ከሥሩ የሱ ጫማ ነበር። ኦሪት በደስታ ዘለለች። «አላልኩም! አላልኩም! ተሳሳተች!»

«እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» አለች ሙኒት ግንባሯን ይዛ። «ሰሐኑን ወደ ሌላ አዛውሬ ጽሑፉን አልሰረዝኩትም።»

እየሩስ ግን ዓይኗ እንባ ሞላ። ተሳሳትኩ ብላ ነው። ሸቱ ወገቧ ማመሙን ረስታ ከምንጣፉ ተነሣች። ልጅቷን በሁለት እጇ ትከሻዋን ያዘቻት። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትናገር ከዚያ በፊት በዚያ ቤት ተሰምታ አታውቅም።

«አልተሳሳትሽም! ጫማ መሆኑን ታውቂ አልነበረም?»

«አውቅ ነበር።»

«እያወቅሽ ለምን ሰሐን አልሽ?»

«ስለሚል።»

«ስለሚል!» አለች ሸቱ ወደ ከፈለኝ ዞራ። «ሰማህ? ስለሚል ነው ያለችው።»

ከፈለኝ ጫማውን በእጁ እንደያዘ ሚስቱን አየ። ከዚያ ካርቶኑን መልሶ አሸገና እስክሪብቶውን ለእየሩስ ሰጣት። «ሰሐን» የሚለውን ሰርዛ «ጫማ» ብላ ጻፈች። ጫ ትንሽ ዘመም ብሏል፤ ይነበባል።

ቤተሰቡ በነሐሴ አጋማሽ ሄደ። የምዝገባው የንባብ ፈተና በጳጉሜን ነበር። ሸቱ ያን ቀን ሦስት ጊዜ ከብረት ምጣዱ እየተነሣች ስልኳን አየች። ሙኒት የደወለችው ከሰዓት በኋላ፣ ከታክሲ ውስጥ ነው።

«ግማሽ ገጽ ሰጧት፤ ስለ ንብ ነው። ሦስተኛ ክፍል የሚያነበው። ወረቀት ስጡኝ አለች፤ ከመስመሩ በታች ያለውን ሸፈነች። ሸቱ፣ እንዴት እንደምትንቀራፈፍ! መምህሯ ሁለት ጊዜ ቃሉን ልትጨርስላት ስትል፣ "ቆዪ፣ ገና አልደረስኩም" አለቻት። እኔ ወንበሩ ውስጥ ሰመጥኩ።»

«ጨረሰችው?»

«ጨረሰችው። መምህሯ፣ ፍጥነት ይጎድላታል፣ ግን ያላየችውን አትልም አለችኝ። ሦስተኛ አይሆንም አሉ። ሁለተኛ ክፍል ገባች።»

በስልኩ ውስጥ የኦሪት ድምፅ ተሰማ፦ «በአንድ ብቻ ነው የምትበልጠኝ! በአንድ!» ቀጥሎ ስልኩ እጅ ለወጠ።

«አብላ፣ ሦስተኛ አልገባሁም።»

«ሰማሁ።»

«ተናደድሽ?»

«የለም። የቱ ጋ ነው የቆምሽው?»

«"ቀሰመች" የሚለው ጋ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ምን ማለት እንደሆነ ስለማላውቅ የተሳሳትኩ መሰለኝ። ምን ማለት ነው?»

ሸቱ ነገረቻት፤ ንብ ከአበባ ጣፋጩን እንዴት እንደምትወስድ፣ በመርሐ ቤቴ የአባቷ ቀፎ የት ተሰቅሎ እንደ ነበር። ልጅቷ አዳመጠች።

«ስለዚህ ትክክል ነበርኩ» አለች።

«ትክክል ነበርሽ። አሁን በመስኮቱ ምን ይታይሻል?»

«ሱቆች። ጽሑፍ አለ።»

«ምን ይላል?»

ታክሲው የቆመ ይመስላል፤ የሞተሩ ድምፅ ዝቅ ብሏል። ሸቱ ምጣዱን ከእሳት አወረደች፤ ጆሮዋን ከስልኩ ጋር አጣበቀች። ጽሑፉን አይታው አታውቅም፤ ልትረዳት፣ ልታርማት አትችልም።

«ዘ… መ… ና… ዊ…» አለች እየሩስ። «የ… ወ… ን… ዶ… ች… ፀ…» ሞተሩ ጮኸ። «አብላ! ሄደ፣ ታክሲው ሄደ! አልጨረስኩትም!»

«ግድ የለም» አለች ሸቱ። «የሚቀጥለውን አንብቢ።»